የቴስላ ሞዴል ኤስ ያልተሰነደ የመረጃ ፍሰት በይነገጽ፦ አሠራሩ፣ የተነበበበት መንገድና የቁጥሮቹ አስተማማኝነት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ጆን ብሮደር በቴስላ ሞዴል ኤስ የኤሌክትሪክ መኪና ያደረገውን የክረምት ጉዞ አስመልክቶ አንድ ዘገባ አወጣ። ጉዞው ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥቶ በደላዌር ግዛት ኒውአርክ እና በኮነቲከት ግዛት ሚልፎርድ በሚገኙ ሁለት ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያዎች በኩል የሚያልፍ ነበር። መኪናዋ በመጨረሻ ኃይል ጨርሳ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ሄደች። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤሎን መስክ ከቀናት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 13፣ ከመኪናዋ የተገኘውን የጉዞ መዝገብ በሥዕላዊ መግለጫ አስደግፎ በማውጣት የጋዜጠኛውን ቃል አስተባበለ። ጋዜጠኛው ፍጥነት መቆጣጠሪያውን በሰዓት 54 ማይል ላይ እንዳደረገ ጽፎ ሳለ፣ መዝገቡ በአብዛኛው ጉዞ ላይ ፍጥነቱ ከ65 እስከ 81 ማይል እንደነበረ ያሳያል ተባለ። ብሮደር በሰጠው መልስ ልዩነቱን ሊያስረዳ እንደማይችል ገልጾ፣ መኪናዋ ባለ 21 ኢንች ቸርኬ መሆን ሲገባት ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ተገጥሞላት መሰጠቷ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለቴክኖሎጂ ተመራማሪ ትኩረት የሚገባው ነገር ማን ረታ የሚለው አይደለም። ኩባንያው ቀደም ሲል ከአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጋር በገጠመው አለመግባባት ምክንያት ለጋዜጠኞች የሚሰጣቸውን መኪናዎች መረጃ እንደሚመዘግብ በግልጽ ተናግሯል። መዝገቡ ግን በአንደኛው ወገን እጅ ብቻ ነበር። ሌላኛው ወገን የነበረው የማስታወሻ ደብተሩና ትዝታው ነው። የጋዜጣው የአንባቢያን ጉዳይ አዘጋጅ ማርጋሬት ሱሊቫን ጉዳዩን መርምራ ጋዜጠኛው በቅን ልቦና እንደሠራ፣ ነገር ግን የማስታወሻ አያያዙ ትክክለኛነት እንደጎደለው ስትጽፍ፣ ልታስታርቃቸው የሞከረችው ሁለት የማይመጣጠኑ ማስረጃዎችን ነበር።

በዚያው ዓመት የሞዴል ኤስ ባለቤቶች የሆኑ ጥቂት የሶፍትዌር ባለሙያዎች መኪናቸው ወደ ኩባንያው ሰርቨር የምትልከውን መረጃ በከፊል ራሳቸው ማንበብ የሚችሉበትን መንገድ አገኙ። ኩባንያው ይህንን በይነገጽ ለሕዝብ አልገለጸውም፤ መመሪያም አላወጣለትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በይነገጹ እንዴት እንደተገኘ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእርሱ የሚገኙት ቁጥሮች ምን ያህል እምነት ሊጣልባቸው እንደሚችል ማብራራት ነው።

በስልኩና በሰርቨሩ መካከል

ሞዴል ኤስ ለደንበኞች መሰጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ነው። ባለቤቱ በስልኩ ላይ በሚጭነው መተግበሪያ የባትሪውን መጠን ማየት፣ በሮቹን መቆለፍ፣ የውስጥ ሙቀቱን ማስተካከልና መኪናዋ ያለችበትን ቦታ በካርታ ላይ መመልከት ይችላል። ለተጠቃሚው ስልኩ ከመኪናዋ ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሁለቱ አይገናኙም። መኪናዋ በተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ አማካይነት ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ትገናኛለች፤ ስልኩም በበኩሉ ከዚያው ሰርቨር ጋር ይገናኛል። መኪናዋን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር በቪፒኤን የታጠረ በመሆኑ ለውጭ ተመልካች ዝግ ነው። ሁለተኛው መስመር፣ ማለትም ስልኩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው፣ በባለቤቱ እጅ ባለ መሣሪያ ላይ ያልቃል። የምርመራው በር የተከፈተው በዚህ በኩል ነው።

መስመሩ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ስለሆነ መሀል ላይ ሆኖ መስማት ብቻውን አይበቃም። ይሁን እንጂ ምስጠራው የሚጠብቀው ተጠቃሚውን ከሦስተኛ ወገን እንጂ መተግበሪያውን ከተጠቃሚው አይደለም። ባለቤቱ በኮምፒውተሩ ላይ አማላጅ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ፕሮክሲ የሚባለውን፣ ያስነሣና ፕሮግራሙ ያመነጨውን ሰርተፍኬት በገዛ ስልኩ ላይ እንደ ታማኝ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገር መስሎት ከአማላጁ ጋር ይነጋገራል፤ አማላጁ ደግሞ ጥያቄውን ለእውነተኛው ሰርቨር ያደርሳል፤ መልሱንም ይመልሳል። በመካከሉ የሚያልፈው ሁሉ በግልጽ ጽሑፍ ይታያል። እዚህ ላይ የተሰበረ ምስጠራ የለም፤ የተደረገው ነገር ቢኖር የስልኩ ባለቤት ማንን እንደሚያምን ራሱ መወሰኑ ነው። መተግበሪያው የአንድን ሰርተፍኬት ማንነት በውስጡ አጥብቆ የያዘ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ አምራቾች ይህንን ጥበቃ ጨምረዋል።

በዚህ መንገድ የታዩት መልእክቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ተራ የጥያቄና መልስ ልውውጦች ናቸው፦ የቻርጅ ሁኔታ፣ የአየር ሁኔታ ማስተካከያ፣ የመንዳት ሁኔታ። መልሳቸው በጄሶን ቅርጽ የሚመጣ፣ እያንዳንዱ ዋጋ ስም የተለጠፈበት በመሆኑ ለማንበብ ብዙ ጥረት አይጠይቅም። አንድ እንቆቅልሽ ግን ነበር። የመኪናዎች ዝርዝር ሲጠየቅ ለአንዲት መኪና ሁለት የተለያዩ መለያ ቁጥሮችና አንድ የቶክኖች ዝርዝር ይመለሳሉ። ትእዛዞችና ጥያቄዎች ሁሉ የሚሠሩት በመጀመሪያው ቁጥር ነው። ታዲያ ሁለተኛው ቁጥርና ቶክኖቹ ለምን ያስፈልጋሉ?

መልሱ ከሁለተኛው የመልእክት ወገን ተገኘ። ለመረጃ ፍሰት ብቻ የተመደበ ሌላ ሰርቨር አለ። ለእርሱ የሚቀርበው ጥያቄ ሁለተኛውን መለያ ቁጥር ይይዛል፤ የባለቤቱ የኢሜይል አድራሻ እንደ ተጠቃሚ ስም፣ ከዝርዝሩ የተወሰደው ቶክን ደግሞ እንደ የይለፍ ቃል ሆኖ ያገለግላል። ቶክኖቹ በየጊዜው የሚቀያየሩ ሲሆኑ፣ መኪናዋ እንቅልፍ ላይ ካለች ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ስለሆነም ፍሰቱን ለመክፈት የሚፈልግ ፕሮግራም አስቀድሞ መኪናዋን መቀስቀስ፣ ዝርዝሩን እንደገና መጠየቅ፣ ከዚያም ሳይዘገይ መገናኘት አለበት።

ስለ መለያ ቁጥሮቹ አንድ ነገር በቅንፍ ያህል መናገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቁጥር እስከ 17 አኃዝ ሊረዝም ይችላል። ጃቫስክሪፕትን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ሙሉ ቁጥርን ያለ ስሕተት የሚይዙት እስከ 2 ለ53ኛ ርቢ፣ ማለትም እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ነው። ከዚያ ያለፈው ይጠጋጋል፤ ፕሮግራሙም ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ የሌለች መኪና ይጠይቃል። በመልሱ ውስጥ ይኸው ቁጥር በጽሑፍ መልክ ተደግሞ የሚገኘው ይህንን ችግር ስለሚያስቀር ነው። ያልተሰነደ በይነገጽ ላይ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነብበት መመሪያ የለውም፤ ቁጥሩን አኃዝ በአኃዝ ከማስተያየት ሌላ አማራጭ አይኖረውም።

ፍሰቱ

ተራው ልውውጥ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ ነው። ፍሰቱ ግን ከዚህ ይለያል። ጥያቄው አንድ ጊዜ ይቀርባል፤ መልሱ ግን አያልቅም። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ አዲስ ነገር በደረሰው ቁጥር አንድ መስመር ጽሑፍ ይልካል። መስመሩ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው፤ ስም የለውም፤ መለኪያም አልተጻፈበትም። የዋጋዎቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ጠያቂው ነው፦ በጥያቄው ውስጥ የሚፈልጋቸውን ስሞች በተራ ይዘረዝራል፤ መልሱም በዚያው ተራ ይመጣል። ከሚጠየቁት መካከል ፍጥነት፣ የተጓዘ ርቀት፣ የባትሪ መቶኛ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ኃይል፣ የማርሽ ቦታና ሁለት ዓይነት ቀሪ ርቀት ይገኙበታል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ የጊዜ ማኅተም አለ፤ እርሱም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ ነው።

ለማብራሪያ ያህል ጊዜን፣ ፍጥነትን፣ የተጓዘ ርቀትን፣ የባትሪ መቶኛን፣ ከፍታንና ኃይልን የጠየቀ ሰው የሚከተሉትን የመሰሉ ሁለት መስመሮች ሊያገኝ ይችላል፦

1370000000250,42,8123.6,71,35,18
1370000001250,40,8123.6,71,35,-22

መኪናዋ በቆመች ጊዜ የፍጥነቱ ቦታ ዜሮ ሳይሆን ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለት ነጠላ ሰረዞች ተከታትለው ይታያሉ ማለት ነው። ባዶውን እንደ ዜሮ የሚቆጥር ፕሮግራም በፍጥነት አማካይ ላይ፣ ባዶውን ዘልሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ደግሞ በአምዶች አቀማመጥ ላይ ይሳሳታል። ግንኙነቱም ለዘላለም ክፍት ሆኖ አይቆይም። ሰርቨሩ ሲዘጋው ፕሮግራሙ እንደገና መገናኘት አለበት፤ በዚህ መካከል የጠፋው መረጃ ተመልሶ አይገኝም።

በኋላ ይህ አሠራር ወደ ዌብሶኬት ተዛወረ። ፕሮግራሙ የመመዝገቢያ መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩም የማሻሻያ መልእክቶችን ይመልሳል። የሚያስገርመው፣ በአዲሱ መልእክት ሆድ ውስጥ ያው የቀድሞው በነጠላ ሰረዝ የተለየ መስመር ሳይለወጥ መቀጠሉ ነው። መኪናዋን ከውጭ ሆኖ በስልክ ወደ ማቆሚያ ቦታ የማስገባቱ አገልግሎት ሲመጣም ትእዛዞቹ የሚተላለፉት በዚሁ የፍሰት ሰርቨር በኩል ሆነ። ለማንበብ ብቻ ተብሎ የተጀመረ መስመር የመቆጣጠሪያም መስመር መሆኑ ከደኅንነት አንጻር ቀላል ለውጥ አይደለም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የዋጋው ስም ፍጥነት መሆኑ ከታወቀ በኋላ መለኪያው ማይል ይሁን ኪሎሜትር ገና አልታወቀም። ኃይሉ በኪሎዋት ይሁን በፈረስ ጉልበትም እንዲሁ። ቀላሉ መንገድ ከመኪናዋ ሰሌዳ ጋር ማስተያየት ነው። ሰሌዳው ራሱ ግን በባለቤቱ ምርጫ መለኪያውን ይቀይራል፤ ፍሰቱ ደግሞ ምርጫውን አይከተልም። ስለዚህ ከሰሌዳው ነጻ የሆነ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ይህንንም ፊዚክስ ይሰጣል።

ከላይ በቀረቡት ሁለት መስመሮች መካከል አንድ ሰከንድ አልፏል፤ ከፍታው አልተለወጠም፤ ፍጥነቱ ከ42 ወደ 40 ወርዷል፤ ኃይሉም አሉታዊ 22 ሆኗል፤ ይህም ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ወደ ባትሪው ኃይል እየመለሰ መሆኑን ያሳያል። የመኪናዋ ክብደት 2,100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ማይል ከሆነ በሰከንድ ከ18.8 ሜትር ወደ 17.9 ሜትር ቀንሷል፤ የጠፋው የእንቅስቃሴ ጉልበትም 35 ኪሎጁል ያህል ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 35 ኪሎጁል ማለት 35 ኪሎዋት ነው። ከዚህ ላይ የአየርና የጎማ ግጭት፣ እንዲሁም የሞተሩ ብክነት ሲቀነስ 22 ኪሎዋት ወደ ባትሪው መመለሱ ተገቢ ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎሜትር ነው ብንል ግን የጠፋው ጉልበት 13 ኪሎጁል ብቻ ነው። ከ13 ኪሎጁል 22 ኪሎጁል ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛው ግምት ይወድቃል። አንድ ጥንድ መስመር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዘዴው ግን በመቶዎች በሚቆጠሩ የፍሬን ጊዜያት ላይ ሲደገም መለኪያውን ያለ ጥርጥር ይለያል።

የብሮደር ቸርኬም በዚሁ ዓይነት ስሌት ሊመረመር ይችላል። ለሞዴል ኤስ የተመደቡት ጎማዎች ለ19 ኢንች ቸርኬ 245/45፣ ለ21 ኢንች ደግሞ 245/35 ናቸው። የጎማው ግድግዳ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ የሚሰላ ስለሆነ የመጀመሪያው ጠቅላላ ዲያሜትር 703 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 705 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ 0.3 አይሞላም። በሰዓት 54 ማይል ላይ ይህ ወደ 0.15 ማይል ገደማ ነው። እንግዲህ ቸርኬው የፍጥነቱን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። በአንጻሩ ደግሞ ያው መዝገብ መኪናዋ በሚልፎርድ በአንድ የማቆሚያ ስፍራ ውስጥ ግማሽ ማይል ያህል መዞሯን ሲያሳይ፣ ኩባንያው ይህንን ባትሪ ሆን ብሎ ለመጨረስ የተደረገ ሙከራ አድርጎ አቅርቦታል። ጋዜጠኛው በጨለማ የመሙያ ጣቢያውን ሲፈልግ እንደነበር ተናግሯል። በመዝገቡ ላይ የሁለቱ ታሪኮች አምዶች አንድ ናቸው። ፍጥነት መለኪያ አለው፤ ሐሳብ ግን በየትኛውም አምድ ውስጥ የለም።

ከአምዶቹ ሁሉ ለምርምር ጠቃሚውና አሳሳቹ የኃይል አምድ ነው። ከእርሱ ተነሥቶ የጉዞውን ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ለማግኘት በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል ያለው አማካይ ኃይል በመካከላቸው ባለው ጊዜ ይባዛል፤ ውጤቱም ይደመራል። መስመሮቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት ስለማይመጡ የጊዜ ማኅተሙን መጠቀም ግድ ነው። ኃይሉ የሚላከው በሙሉ ቁጥር ነው። በጉዞ ላይ ኃይሉ በየሰከንዱ ስለሚዋዥቅ የማጠጋጋቱ ስሕተት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እየሆነ በአብዛኛው ይጣፋል። መኪናዋ በቆመች ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሮቿና ሌሎች መሣሪያዎቿ ሳያቋርጡ 0.4 ኪሎዋት ቢወስዱ፣ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋ ፍሰቱ የሚያሳየው ዜሮ ነው። በአምስት ሰዓት ውስጥ 2 ኪሎዋት-ሰዓት ይጠፋል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ምንም አልጠፋም። ስሕተቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነበለ በመሆኑ ብዙ መረጃ መሰብሰብ አያርመውም።

ይህንን በባትሪው መቶኛ ማረም ይቻላል ተብሎ ይታሰባል። መቶኛውም ሙሉ ቁጥር ነው። 85 ኪሎዋት-ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ላይ አንድ ከመቶ ማለት 0.85 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። 2 ኪሎዋት-ሰዓት የሚፈጅ አጭር የከተማ ጉዞ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ብቻ ይገለጻል፤ ስሕተቱ ከፍጆታው 40 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ከባትሪው ግማሽ የሚበላ ረጅም ጉዞ ላይ ግን ያው ስሕተት ወደ 2 ከመቶ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት አጫጭር ጉዞዎችን አንድ በአንድ ከሚያወዳድር ይልቅ የብዙ ቀናትን ጉዞ በአንድነት ቢወስድ የተሻለ መሠረት ይኖረዋል።

ቀሪ ርቀትን የሚገልጹት ሁለቱ አምዶችም እርስ በርስ መምታታት የለባቸውም። አንደኛው በቋሚ መደበኛ ፍጆታ የተሰላ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቅርብ ጊዜውን አነዳድ መሠረት ያደረገ ግምት ነው። የመጀመሪያው ስለ ባትሪው፣ ሁለተኛው ስለ ነጂው ይናገራል። የባትሪን እርጅና ለማጥናት ሁለተኛውን የተጠቀመ ተመራማሪ ያጠናው የነጂውን ጠባይ ይሆናል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር መለካቱ ራሱ የሚለካውን የሚለውጥ መሆኑ ነው። መኪናዋ ሥራ በማይኖርባት ጊዜ ኮምፒውተሮቿን አጥፍታ ትተኛለች። በየደቂቃው ሁኔታዋን የሚጠይቅ ፕሮግራም ግን እንዳትተኛ ያደርጋታል፤ ባትሪውም ቆማ ሳለች ይወርዳል። ሌሊቱን ምን ያህል ኃይል እንደሚባክን ለማወቅ የተጻፈ ፕሮግራም የሚለካው በአብዛኛው እርሱ ራሱ ያስከተለውን ብክነት ነው። ቴስላሜት የተባለውን ክፍት የመረጃ መዝጋቢ የመሰሉ ፕሮግራሞች በየጊዜው መጠየቅን ትተው መኪናዋ እንድትተኛ ፋታ የሚሰጡት፣ ፍሰቱንም ጉዞ መጀመሩን ለማወቅ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

የቁልፉ ጉዳይ

ያልተሰነደ በይነገጽ ለባለቤቱ በር ሲከፍት ለሌላም ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 የሶፍትዌር ባለሙያና የሞዴል ኤስ ባለቤት የሆነው ጆርጅ ሪስ ባወጣው ጽሑፍ የበይነገጹን የማንነት ማረጋገጫ ነቅፏል። ባለቤቱ በሌላ ሰው የተሠራ አገልግሎት መጠቀም ከፈለገ የቴስላ የይለፍ ቃሉን ለዚያ አገልግሎት መስጠት ነበረበት። የሚገኘው ፈቃድ ለሦስት ወር የሚጸና ሲሆን በመካከሉ የሚሰረዝበት መንገድ አልነበረም። ለማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ደረጃም የለም፤ የባትሪውን መጠን እንዲያይ የተፈቀደለት አገልግሎት በሩንም መክፈት ይችላል። ይህ ትችት ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ጉድለቱ የመጣው ባለቤቶቹ በይነገጹን ስለመረመሩ ሳይሆን፣ ኩባንያው ከራሱ መተግበሪያ በቀር ሌላ ተጠቃሚ ይኖራል ብሎ ባለማሰቡ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በኒሳን ሊፍ ላይ የታየው ከዚህ የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ተመራማሪዎቹ ትሮይ ሀንት እና ስኮት ሄልም እንዳሳዩት፣ የመኪናውን የሻሲ መለያ ቁጥር ብቻ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ከየትም ዓለም ሆኖ የሙቀት ማስተካከያውን ማብራትና የጉዞ ታሪኩን ማየት ይችል ነበር። የይለፍ ቃልም ሆነ ቶክን አይጠየቅም። የሻሲ ቁጥሩ ደግሞ በመኪናው የፊት መስታወት ሥር ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። ኩባንያው ይፋ ከሆነ በኋላ አገልግሎቱን አቋረጠ።

የቦታ መረጃውም ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ኬክሮስ በስድስት የአሥርዮሽ ቤት ሲጻፍ የመጨረሻው አኃዝ 11 ሴንቲሜትር ያህል ይወክላል፤ ይህ ከጂፒኤስ ትክክለኛነት እጅግ ያለፈ ነው፤ በመሆኑም አኃዞቹ የሌላቸውን ትክክለኛነት የተላበሱ ይመስላሉ። ለግላዊነት ግን ጥቂት ሜትር ስሕተት ምንም አይጠቅምም። መኪናዋ በየማታው የምትቆምበት ነጥብ መኖሪያ ቤት ነው፤ በየጠዋቱ የምትደርስበት መሥሪያ ቤት ነው። ስምን ከመዝገቡ መሰረዝ ይህንን አይሸፍነውም።

ከዚያ ወዲህ

በአሜሪካ ሕግ የተሽከርካሪ ሶፍትዌርን ጥበቃ አልፎ መመርመር ለረጅም ጊዜ አጠራጣሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ለጥገናና ለደኅንነት ምርምር ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለጥገና የተሰጠው ፈቃድ ከርቀት መረጃ የሚለዋወጡትን ክፍሎች ሳያካትት ቀረ፤ በ2018 ይህ ገደብ ላላ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የዳታ ሕግ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ዕቃ ተጠቃሚ ዕቃው የሚያመነጨውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ቴስላም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሌሎች አልሚዎች የተሰነደ በይነገጽ አወጣ። በአዲሱ የፍሰት አሠራር መኪናዋ ባለቤቱ ወደፈቀደለት ሰርቨር መረጃውን ራሷ በቀጥታ ትልካለች፤ ሁለቱም ወገኖች በሰርተፍኬት ይተዋወቃሉ፤ ትእዛዞችም በዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣሉ። ሪስ ከአሥር ዓመት በፊት ከዘረዘራቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ በዚህ ታርመዋል። በምትኩ በይነገጹን ለመጠቀም መመዝገብና የኩባንያውን ውል መቀበል ግዴታ ሆኗል፤ ይህም የመረጃውን በር ማን ይዘጋል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ እንዳልተለወጠ ያሳያል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ሰሌዳቸውም ሆነ የስልክ መተግበሪያቸው በቻይንኛ ነው፤ ሰርቨራቸውም በዚያው አገር ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪውን ጤንነት ለማወቅ የሻጩን ቃልና የሰሌዳውን መቶኛ ከማመን ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም። በሰርቨሩ በኩል ያለው መንገድ ዝግ በሆነበት ሁኔታ የሚቀረው ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት በኩል መግባት ነው። በዚያ በኩል የሚሠራው ዩዲኤስ የተባለው ፕሮቶኮል በአይኤስኦ 14229 የተደነገገ ሲሆን፣ ዋጋ ለማንበብ 22 በሚል የአሥራ ስድስትዮሽ ኮድ ይጠየቃል፤ መኪናው ከተስማማ 62 ብሎ ይመልሳል። የጥያቄው ቅርጽ የታወቀ ነው። ከ62 ቀጥለው የሚመጡት ባይቶች ምን ማለት እንደሆኑ ግን የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው። እነርሱን ለመፍታት ከላይ የተገለጸው መንገድ፣ ማለትም አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መመልከት፣ በፊዚክስ ማጣራት፣ የማጠጋጋትን ስሕተት ማስላት፣ ሳይለወጥ ያገለግላል።

ይህን ዓይነት ሥራ የሚጀምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁለት አዋጆችን አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና መረጃን መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል፤ የመኪናው ባለቤት ፈቃድ በመኪናው ላይ ለሚደረግ ንባብ መሠረት ቢሆንም፣ በአምራቹ ሰርቨር ላይ ለሚደረግ ሙከራ ግን አይበቃም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጉዞ መረጃ አሰባሰብን ይመለከታል። ስለዚህ የነጂዎቹ ፈቃድ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊያዝ፣ የእያንዳንዱ ጉዞ መነሻና መድረሻም ከመዝገቡ ላይ ሊቆረጥ ይገባል። ለባትሪ ጥናት የሚያስፈልገው ኃይል፣ ፍጥነት፣ ከፍታና ሙቀት ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከመጀመሪያውም ባይጠየቁ ጥናቱ የሚያጣው ነገር አይኖርም።